የኬሚስትሪ ድህረ ምረቃ ትምህርት በጎጃም

ጎጃም ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ አይደለም። በቅኔ ቤት ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚባሉትን ስሞች የማያውቅ የአገር ልጅ የለም። ኬሚስትሪን በማስተርስና በፒኤችዲ ደረጃ እዚሁ መማር የተቻለው ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው።

ሁለቱን ማነጻጸር ቀልድ ይመስላል። አንዱ ደበሎና ግዕዝ፣ ሌላው ነጭ ጋወንና አሲድ። ሥርዓታቸው ግን ይመሳሰላል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ ቢያቀርብ ማንም አይቀበለውም። የራሱን መቁጠር፣ ማለትም ራሱ መድረስ አለበት። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም መምህሩን ለሚያግዘው ከፍ ያለ ተማሪ፣ ለአስነጋሪው፣ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ተመልሶ ይቆጥራል። የድህረ ምረቃ ተማሪም ሕይወቱ ይኸው ነው። አማካሪ አለው፤ እንደ አስነጋሪ የሚያርመው የፒኤችዲ ተማሪ አለ፤ ከእሱ የሚጠበቀውም ያልተባለ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ የላብ ሥራ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ማንዋሉ ላይ ያለው ውጤት ካልመጣ ጥፋቱ የተማሪው ነው። በማስተርስ ግን መልሱን አማካሪውም አያውቀውም። ብዙ ተማሪ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ እየወጣ የመጣ ጎበዝ ድንገት ግራ ይጋባል። በፈተና እምብዛም የማይታወቅ ደግሞ ላብ ውስጥ አንበሳ ሆኖ ይገኛል።

የት ይሰጣል?

በድሮው የጎጃም ክፍለ ሀገር ስፋት ካየነው ዛሬ ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ። አንጋፋው የባሕር ዳሩ ነው። የመጣው ከሁለት ተቋማት ነው። አንደኛው በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ነው። ሁለተኛው በ1960ዎቹ አጋማሽ መምህራንን ለማሠልጠን የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል የሚገኝበት ግቢ እስከ ዛሬ «ፔዳ» የሚባለው ከዚያ በቀረ ስም ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ እንጅባራ ከሦስቱ ታናሽ ነው።

ማስተርስ በደንቡ ሁለት ዓመት ነው። አንዱ ዓመት ኮርስ፣ ሌላው ምርምር። ፒኤችዲ በወረቀት ላይ አራት ዓመት ነው፤ በተግባር ይጎተታል። ለመግባት ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የክረምት ፕሮግራምም ነበር የተለመደው። ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምር የከረመ ሰው ዝናብ ሲገባ ሻንጣውን ይዞ ተማሪ ይሆናል።

ዘርፎቹ የታወቁ ናቸው፤ አናሊቲካል፣ ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክ፣ ፊዚካል፣ የአካባቢ ኬሚስትሪ። አናሊቲካል አንድ ነገር ውስጥ ምን ምን ያህል እንዳለ የሚለካው ነው፤ በእኔ ግምት ብዙ ተማሪ የሚስብበት ምክንያት ቀላል ነው። የሚለካው ነገር ደጅ ላይ ሞልቷል። የካርቦን ውሕዶችን የሚያጠናውን ኦርጋኒክን ለሚሠራ ሰው ግን የሚጠቀምበት ሶልቨንት (ማሟሟያ ፈሳሽ) ራሱ ከውጭ የሚመጣ ነው።

ብረቱ የማን ነው?

ይህ ትምህርት ሰውን ምን ያስተምራል ለሚለው ጥያቄ አንድ ምሳሌ ይበቃኛል። ጤፍ በብረት የታወቀች ናት። አንድ የማስተርስ ተማሪ ከደጀን፣ ከቢቸናና ከደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ ይሸምታል። ያስፈጫል። በናይትሪክ አሲድ እያፈላ ፈሳሹ እስኪጠራ ይጠብቃል። ከዚያ አቶሚክ አብዞርብሽን በሚባለው መሣሪያ የብረቱን መጠን ያነባል። ቁጥር ይወጣል። ደስ የሚል፣ ትልቅ ቁጥር።

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ቢሆን እዚህ ላይ ጽፎ ያስረክባል። የድህረ ምረቃ ተማሪ ግን ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። ብረቱ የማን ነው? የጤፏ ወይስ የአውድማው? ጤፍ ደቃቅ ናት፤ መሬት ላይ በበሬ ትወቃለች። አፈሩ ደግሞ ብረት አለበት። ከእህሉ ጋር ተጣብቆ የመጣው አቧራ ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርገው፣ በደንብ ታጥቦ ሲለካ እንደሚወርድ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ወፍጮውስ? እሱም ብረት ነው። አሲዱስ ንጹህ ነው ወይ?

ስለዚህ ተማሪው «ብላንክ» ይሠራል። ሁሉን ነገር እንዳለ አድርጎ ጤፉን ብቻ ያስቀራል። ያው አሲድ፣ ያው ፍላስክ፣ ያው ሰዓት። ከዚህ ባዶ ፈሳሽ ብረት ከተገኘ የመጣው ከጤፍ አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎ በሌላ የጤፍ ናሙና ላይ ልኩ የሚታወቅ ብረት ይጨምርና የጨመረውን መልሶ ያገኘው እንደሆነ ይፈትሻል። መቶ ጨምሮ ስልሳ ካገኘ አርባው የሆነ ቦታ ጠፍቷል። አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 120 በመቶ ከመጣ «ይሁን» ይባላል። ይህን ሁሉ ሦስት ጊዜ ይደግማል። ሦስቱም የተራራቁ ከሆኑ እጁን ይጠራጠራል።

ከዚህ ጋር የሚመጣ አንድ ትንሽ የቋንቋ ልዩነት አለ። እኔ በጣም እወደዋለሁ። መሣሪያው ምንም ካላነበበ ጀማሪው «የለም» ብሎ ይጽፋል። የበሰለው «አልተገኘም» ይላል። ማንኛውም መለኪያ ከዚህ በታች አላይም የሚልበት ወሰን አለው። ወሰኑን ለማወቅ ብላንኩን ደጋግመው ይለኩና የውጤቱን መዋዠቅ በሦስት ያባዙታል፤ ከዚያ በመለኪያው መስመር ስሎፕ፣ ማለትም መጠኑ ሲጨምር ንባቡ በሚጨምርበት ልክ፣ ያካፍሉታል። በውኃ ውስጥ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) የለም ማለትና ከዚህ መጠን በታች ነው ማለት ለሚጠጣው ሰው አንድ አይደለም።

መጠራጠር ማለት ግን ሁሉን መካድ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር፣ በ1,800 ሜትር፣ 94 ይሆናል። መጽሐፉ 100 ይላል። አንዱ ተማሪ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ይላል። ሌላው መጽሐፉ ላይ ያለውን 100 ጽፎ ያልፋል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ሦስተኛው ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት እንደሚያንስና ውኃ ቀድሞ እንደሚፈላ አስታውሶ ግፊቱን ያሰላና ቴርሞሜትሩም መጽሐፉም ትክክል መሆናቸውን ያያል። አማካሪዎች የሚፈልጉት ሦስተኛውን ነው።

ደጅ ላይ ያለ ርዕስ

ጎጃም ለኬሚስት ሀብታም አገር ነው። ጌሾ ብቻዋን የአንድ ሰው ዕድሜ ትጨርሳለች። ጠላንና ጠጅን መራራ የሚያደርገው አንዱ ውሕድ ጌሾይዲን ይባላል፤ ስሙ ላይ እንኳ ጌሾ አለች። አረቄ የምታወጣ ሴት ማሰሮዋን አሽጋ፣ መቃውን ገጥማ፣ ማቀዝቀዣ ውኃውን እየለወጠች የምትሠራው ዲስቲሌሽን (አፍልቶና አቀዝቅዞ መለየት) ነው። ቴርሞሜትር የላትም። መቼ ማቆም እንዳለባት የምታውቀው በጣዕሙና በሚወርደው ጠብታ ነው። ኤታኖል 78 ዲግሪ ገደማ፣ ሜታኖል 65 ገደማ እንደሚፈላ የሚያውቅ ተማሪ ግን ከእሷ አጠገብ ተቀምጦ የሚማረው አያጣም።

ባሕር ዳር ዙሪያ የሚበቅለው ጫትም ጥሩ አስተማሪ ነው። ካቲኖን የሚባለው ዋና ንጥረ ነገሩ ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ የሚሮጠው ለዚህ ነው። ናሙናውን በፌስታል አንጠልጥሎ ሦስት ቀን ያቆየ ተማሪ ሌላ ነገር ለክቶ ይመጣል። የዘጌ ቡና ካፌይን፣ የአዊ ማር እርጥበት፣ ስኳር የተጨመረበት ማር፤ እነዚህም የማያልቁ ርዕሶች ናቸው።

የምዕራብ ጎጃምና የአዊ አፈር አሲዳማ ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ የተኛው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ታስሮ ለሰብሉ አይደርስም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ስንት ኩንታል ለሚለው መልስ ለመስጠት አፈሩን መለካት ያስፈልጋል። ገበሬው የሚፈልገው ቁጥር ከቴሲስ ቁጥር ጋር እዚህ ላይ ይገናኛል።

ጣናን ሳይጠቅስ የሚያልፍ የለም። እንቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ሲያስቸግር ኖሯል። ብዙ ተማሪ እንቦጩን አድርቆ፣ ወይም ወደ ከሰል ቀይሮ፣ ከቆሻሻ ውኃ ውስጥ ክሮሚየም የሚባለውን ብረትና የጨርቅ ቀለም እንዲመጥ ለማድረግ ሞክሯል። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ሐሳቡ ያምራል። ግን እውነቱን ልናገር፤ በዚህ ርዕስ ላይ የሚሠራው ነገር በዝቷል። አንዱ በሙዝ ልጣጭ፣ አንዱ በቡና ገለባ፣ አንዱ በእንቦጭ። ክሮሚየም የጠጣውን ከሰል በኋላ የት እንጥለዋለን ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ልመና

የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ለደጅ ይዞራል። ውሻም ይነክሰዋል። የኬሚስትሪ ተማሪም ይዞራል፤ ሪኤጀንት፣ ማለትም የሙከራ ኬሚካል ፍለጋ። ከዚህ ላብ 50 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያኛው ትንሽ ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ)፣ ከጓደኛ የተረፈ ሜታኖል። አለመለመን አይቻልም። ከዚህ የሚገኝ ችሎታ በየትኛውም ኮርስ ላይ አልተጻፈም፤ ከቴክኒሻን ጋር መግባባት፣ ያለውን አብቃቅቶ ሙከራ መንደፍ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ኬሚካል ይዞ ሳይሳሳቱ መሥራት።

እኔ ራሴ እርሳስ ልለካ ፕሮፖዛል አስጸድቄ ዚንክ ለክቼ የተመረቅሁ ሰው ነኝ። አቶሚክ አብዞርብሽን ለእያንዳንዱ የብረት ዓይነት የየራሱ መብራት (አምፖል) ይፈልጋል። የእርሳሱ መብራት ተቃጥሎ ነበር። አዲስ ይመጣል ተባለ። ሳልጠብቀው ተመረቅሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ናሙናዬን በ550 ዲግሪ ምድጃ ወደ አመድ እየለወጥኩ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሄደ። ጠዋት ያገኘሁት ግማሹ አመድ፣ ግማሹ ከሰል ነው። ናሙናውን ከገበያ እንደገና ሸምቼ ጀመርኩ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ቀንና ሰዓት ባይኖር ኖሮ የትኛው ውጤት ከየትኛው ምድጃ እንደወጣ መለየት ባልቻልኩ።

በኦርጋኒክ የሚሠሩት ችግራቸው ሌላ ነው። ከቅጠል ያወጡትን ውሕድ ማንነት ለማወቅ ኤንኤምአር የሚባል፣ የሞለኪውሉን አሠራር የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ናሙናው ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይላካል። ወረፋ አለ። ባለፉት ዓመታት የአማራ ክልል በገባበት ግጭት መንገድና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ናሙናም መረጃም አብረው የቆሙበት ጊዜ ነበር።

ስለ ደኅንነት አጭር ልበል። አሲድ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ፐርክሎሪክ አሲድ ከቅባት ጋር አይቀለድበትም። ይህን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ቤቱ ሲገባም በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባልቅም።

መጻፍና መከላከል

ቴሲሱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ብዙዎቻችን ኬሚስትሪውን ከቋንቋው ጋር አብረን ነው የታገልነው። ጥሩ የሆነ ሥራ ለመጽሔት ይላካል። በአገር ውስጥ የታወቀው የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ ይታተማል። ገምጋሚ የሚልከው አስተያየት መጀመሪያ ያናድዳል። ሲያድር ግማሹ ልክ ሆኖ ይገኛል።

በዲፌንስ ቀን፣ ተማሪው ሥራውን በፈታኞች ፊት በሚከላከልበት ቀን፣ አዳራሹ በዘመድ ይሞላል። እናት ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ትቀመጣለች። ልጇ ስለ ቮልታሜትሪ ሲያወራ አንድ ቃል አይገባትም፤ ፈታኙ ሲያፋጥጠው ግን ይገባታል። ከወጣ በኋላ «ምን አድርገህ ነው እንዲህ የጮኸብህ?» ትለዋለች። ለእሷ በአማርኛ ማስረዳት ከፈታኙ ጥያቄ ይከብዳል። እስካሁን አንድ ሰው ብቻ አይቻለሁ በደንብ የተወጣው። «እማ፣ ወተት ውስጥ ውኃ እንደተጨመረ የሚያውቅ መሣሪያ አለ አይደል? የእኔ ለመድኃኒት ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ

ተመራቂው አብዛኛውን ጊዜ መምህር ነው፣ ወይም መምህር ይሆናል። ጥቂቱ የውኃ መሥሪያ ቤት ላብ፣ ጥራት ቁጥጥር ወይም ፋብሪካ ይገባል። ቡሬ ላይ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አለ፤ ዘይት ደግሞ አሲዱና መበላሸቱ በየጊዜው በቲትሬሽን (ልኩ የታወቀ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ በመለካት) መለካት አለበት። እዚያ የሚፈለገው የመሣሪያውን ስም ማወቅ ሳይሆን «ይህ ምርት አይወጣም» ብሎ ለአለቃ በቁጥር ማስረዳት ነው። ሥራ ፍለጋው ግን ቀላል አይደለም። ማስተርስ ይዞ ዓመት የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ።

በክረምት ተምሮ ወደ ትምህርት ቤቱ የተመለሰ አንድ ወዳጅ አለኝ። ላብ የሚባለው ክፍል የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነው። እሱ ከርከዴ አፍልቶ ይመጣል። በአንዱ ብርጭቆ ሎሚ ይጨምርበታል፤ ይቀላል። በሌላው የአመድ ውኃ ይጨምርበታል፤ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሦስተኛ ብርጭቆም አለ። እሱ ውስጥ ከርከዴና ንጹህ ውኃ ብቻ ነው ያለው። ተማሪዎቹ በየዓመቱ «ጋሼ፣ ይሄኛው ለምንድነው?» ይሉታል።