ኦፕንስታክ ሲሻሻል ሮልና ክሬደንሻል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኦፕንስታክን (የክላውድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ወደ አዲስ ቨርዥን ስናሻግር ብዙዎቻችን የምንፈራው ዳታ እንዳይጠፋ ነው። ማን ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህን የሚይዘው ኪስቶን የተባለው የኦፕንስታክ ክፍል ነው። ስለ እሱ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ።

«ዳታቤዙ ባክአፕ ከተደረገ ሁሉም ተይዟል»

አልተያዘም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው ኒውተን ከተባለው ቨርዥን ጀምሮ ኪስቶን እንደ ኢሲ2 ቁልፍ (በአማዞን ክላውድ ዘዴ መግቢያ) ያሉ ክሬደንሻሎችን፣ ማለትም የመግቢያ ሚስጥሮችን፣ ኢንክሪፕት አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። መፍቻ ቁልፎቹ ያሉት ሰርቨሩ ላይ፣ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ነው። አጠገቡ የቶክን (ሎጊን ያደረገ ሰው የሚሰጠው ጊዜያዊ ማለፊያ) ቁልፎች ፎልደር አለ፤ ሁለቱን አታምታቱ። የቶክኑ ቢጠፋ ሰው እንደገና ሎጊን ያደርጋል፣ በቃ። የክሬደንሻሉ ከጠፋ ግን ዳታቤዙ ሙሉ ቢሆንም ክሬደንሻሎቹን የሚያነባቸው የለም።

«ሁሉም ሰው ፓስወርዱን መቀየር አለበት»

አያስፈልግም። ፓይክ በተባለው ቨርዥን ላይ የሃሽ ዘዴው (ፓስወርድን ወደማይመለስ ኮድ የሚቀይረው) ወደ ቢክሪፕት ሲቀየር እንኳ ኪስቶን ያኔ የድሮውን ሃሽ ማረጋገጡን አላቆመም።

«የሮሉ ስም ከተመሳሰለ ያው ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለተጠቃሚ ሮል (የመብት ደረጃ) ሲሰጥ የሚመዘገበው የሮሉ አይዲ ነው። ፖሊሲው፣ ማለትም የትኛው ሮል ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስነው ደንብ፣ ግን የሚያየው ስሙን ነው። ስለዚህ ሮሉን አጥፍታችሁ በዚያው ስም ብትፈጥሩት የድሮዎቹ ተጠቃሚዎች አብረው አይመጡም።

ስሙም ቢሆን ያታልላል። ድሮ የነበረው ሜምበር የተባለ ሮል ከስሙ በፊትም በኋላም አንደርስኮር ነበረው (_member_)። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሮኪ የተባለው ቨርዥን ያለ አንደርስኮር ሜምበርንና ሪደርን (ለማየት ብቻ የታሰበ ሮል) ይዞ መጣ። ለኪስቶን ሁለቱ ሜምበሮች ዝምድና የላቸውም። አዲሱ ፖሊሲ ሜምበርን ሲጠይቅ የድሮውን ብቻ የያዘ ሰው 403 (አልተፈቀደም የሚል መልስ) ይመለስለታል።

መፍትሄው አዲሱን ሮል የድሮውን ለያዙ ሁሉ መጨመር ነው። የድሮውን ለማንሳት ግን አትቸኩሉ። ከተጠቃሚው ላይ ሮል ስታነሱ በዚያ ፕሮጀክት ላይ የፈጠራቸው አፕሊኬሽን ክሬደንሻሎች (ስክሪፕቶች በእሱ ስም የሚገቡባቸው) አብረው ዋጋ ያጣሉ። ሚስጥራቸው በሃሽ ስለሚቀመጥ መልሶ ማውጣት አይቻልም፤ አዲስ መፍጠር ግድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባለቤቶቹን አሳውቁ።

«ሎጊን ካለ ተሳክቷል»

ሎጊን ማንነትን እንጂ መብትን አያሳይም። በአድሚን አካውንት መፈተሽም ምንም አይነግራችሁም፤ አድሚን ሁሉም በር ይከፈትለታል። በተራ ተጠቃሚ ሞክሩ፤ ስክሪፕቶቹንም ለብቻ። አፕሊኬሽን ክሬደንሻል ሲፈጠር የተሰጠውን ሮል ይዞ ይቀራል፤ ለባለቤቱ አሁን የጨመራችሁት አይደርሰውም። ሰውየው ሰርቨር (ቨርቹዋል ማሽን) ሲፈጥር ስክሪፕቱ የሚከለከለው ለዚህ ነው።

መከልከል ያለበት መከልከሉንም እዩ። የቆዩ ፖሊሲዎች ብዙ ቦታ ላይ የሚያጣሩት ሰውየው የፕሮጀክቱ መሆኑን ብቻ ነበር። እነሱ ሳይቀየሩ ከቀሩ፣ ለማየት ብቻ ብላችሁ ሪደር ያደረጋችሁት ሰው ሰርቨር ሊሰርዝ ይችላል።