ክኒን አድራሻ አያውቅም፦ ስለ መድኃኒት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ባዶ የዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ስትሪፕ አወጡና «ልጄ፣ ይሄን የጉልበቱን ስጠኝ፣ ግን ጨጓራዬን የማይነካውን» አሉኝ። ተመሳሳይ ነገር የሚለኝ ሰው ብዙ ስለሆነ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

«የጉልበት ክኒን ጉልበት ላይ ነው የሚሄደው።» አይደለም። ክኒን አድራሻ አያውቅም። ከደም ጋር መላ ሰውነትን ይዞራል፣ የሚይዘውን ፕሮቲን ባገኘበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ይሠራል። ዲክሎፌናክ የሚይዘው ኮክስ የሚባለውን ፕሮቲን (ኢንዛይም) ነው። ኮክስ የሚያመርተው ፕሮስታግላንዲን ጉልበት ላይ ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ ጨጓራ ውስጥ ግን ግድግዳውን ከአሲድ ይጠብቃል። ክኒኑ ሁለቱንም ያስቆማል። ጉልበቱ እየተሻለ ጨጓራው የሚቃጠለው ለዚህ ነው። እኚህ እናት ቀድሞም የጨጓራ ሕመም ስለነበረባቸው ሰገራቸው ጠቁሮ እንደሆነ (ጨጓራ ሲደማ ሊጠቁር ይችላል) ጠየቅኳቸውና ክኒኑን ሳልሸጥ ሐኪም ጋ ላክኋቸው።

«ሁለት ብውጥ ሁለት እጥፍ ይሻለኛል።» መድኃኒቱ የሚይዛቸው ፕሮቲኖች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። ከተያዙ በኋላ የሚጨመረው፣ ሞልቶ የቆመ ሚኒባስ ላይ እንደሚጋፋ ተሳፋሪ ነው፣ ወንበር አያገኝም። ጉዳቱ ግን ይጨምራል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ካለፈ ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

«ኦሜፕራዞልን ሲያቃጥለኝ ብቻ ብውጠው ወዲያው ያስታግሰኛል።» ይሄኛው በጣም ይቆጨኛል። ኦሜፕራዞል ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚያመነጨውን ፓምፕ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ የሚይዘው ግን ሥራ ላይ ያለውን ፓምፕ ብቻ ነው፣ ፓምፑን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ምግብ ነው። ከቁርስ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ዋጡት የምንለው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ፓምፖች አያገኛቸውም፣ ሙሉ ኃይሉ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። አንድ ቀን ውጣችሁ «አልሠራልኝም» ብላችሁ አታቁሙ።

«ቡና ጉልበት ይሰጣል።» ነቅተን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀምና መልእክቱን የሚቀበለው ፕሮቲን ላይ ተቀምጦ «ደክሞሃል» ይላል። አቦሉን ስንጠጣ ካፌይኑ የአዴኖሲንን ቦታ ይይዛል፣ መልእክቱን ግን አያስተላልፍም። ድካሙ አልጠፋም፣ አልተሰማንም እንጂ።

«ለጉንፋን አሞክሲሲሊን።» አሞክሲሲሊን አንቲባዮቲክ ነው፤ የሚይዘው ባክቴሪያ ግድግዳውን የሚገነባበትን ፕሮቲን ነው። የጉንፋን ቫይረስ ግድግዳም ያ ፕሮቲንም የለውም። እባካችሁ፣ ከባለፈው የተረፈውን ለልጅ ጉንፋን አትስጡ።