«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል»፦ ግን የትኛው ሆድ?

የእህቴ ልጅ አስረኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ ወደ እናቴ ቤት መጣች። የእንግሊዝኛ መምህራቸው አምስት የአማርኛ ተረትና ምሳሌ መርጣችሁ ተርጉሙ ብሏቸዋል። አራቱን ጨርሳለች፣ አምስተኛው ላይ ተይዛለች። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለው ነው። መጀመሪያ «ስቶማክ» ብላ ጽፋ ሰርዛዋለች። ከዚያ «ሃርት» ብላለች። እሱንም ሰርዛዋለች።

«አክስቴ፣ ሆድ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

እኔ ቶሎ የምመልሰው መስሎኝ ነበር። ስናወራበት መሸ።

ልጅቷ «ሃርት»ን መምረጧ አይፈረድባትም። በእንግሊዝኛ ይህ ቃል የማይገባበት ቦታ የለም። ደም የሚረጨው አካል እሱ ነው። ፍቅርም እሱ ነው። ወኔም እሱ ነው። የከተማ መሀልም ነው፤ ፒያሳን የጎንደር «ሃርት» ብትሏት ያስኬዳል። በቃል የተሸመደደ ነገር «ባይ ሃርት» ይታወቃል። ድፍረት የሚሉበት «ከሬጅ» ራሱ ከላቲኑ «ኮር» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፣ ኮር ደግሞ ልብ ነው። «ሪኮርድ»ም ከዚያው ሥር ነው የወጣው። ከወረቀቱና ከካሴቱ በፊት ነገር የሚመዘገበው ልብ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግራት ልጅቷ ደብተሯን ትታ ታዳምጠኝ ጀመር።

አማርኛ ግን ያንን ሁሉ ሥራ ለልብ ብቻ አልሰጠም። የኛ ልብ ፍቅርም ወኔም ያውቃል፣ ዋና ሥራው ግን ማሰብ ነው። ልብ በል እንላለን። ልጅ ሲበስል ልብ ገዛ እንላለን። ከሐሳብ የተወለደ ታሪክ ልብ ወለድ ነው። ማዘን የአንጀት ድርሻ ነው። የተራበ ሕፃን ስናይ የሚበላው አንጀታችንን ነው።

ሆድ ደግሞ ይይዛል። የተነገረውንም ያልተነገረውንም ይይዛል። ሰው ሲቀየም ሆዱ ይሻክራል፣ ልቅሶ ሲተናነቀው ሆድ ይብሰዋል። ቻይ የሆነው ሆደ ሰፊ ነው፣ በትንሽ በትልቁ የሚከፋው ሆደ ባሻ፣ ለሰው ቶሎ የሚራራው ሆደ ቡቡ። የተጣሉ ሰዎች ሆድና ጀርባ ናቸው። እናት ልጇን ስትጠራ ሆዴ ትላለች። የማይነገር ነገር ሲመጣ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» እንልና ዝም እንላለን።

እዚህ ላይ ልጅቷን አንድ ነገር አስሞከርኳት። በሆድ ፈንታ ከርሥ አስገቢበት አልኳት። መዝገበ ቃላት ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ቃላት ናቸው። «የሆዴን ልንገርሽ» ይባላል። «የከርሤን ልንገርሽ» ግን ማንም አይልም። ከርሥ ምግብ ይይዛል፣ ከርሠ ምድርም ሆኖ ውሃ ይይዛል፣ ምስጢር ግን አይሰጡትም። «ከርሥ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ብትሉ የሚመጣባችሁ ትውከት ነው። ተመሳሳይ የሚባሉ ቃላት ምን ያህል እንደሚለያዩ እንዲህ ሲሞከር ነው የሚታየው።

«ያባው»ስ? ልጅቷ «የአባት» ከሚለው የመጣ መስሏት ኖሯል። ብዙ ሰው እንደሷ ነው የሚሰማው። አባ ማለት ደበቀ፣ ሸሸገ ነው። ሥሩ የግዕዙ ኀብአ ነው። ጎንደር በአታን የመሰለ የአቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ፣ ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፣ ግዕዙ ከጆሯችን አይጠፋም። ግን «አባ» ለብቻው ከአፋችን ጠፍቷል። ዛሬ ገንዘቤን አባሁት የሚል ሰው አላውቅም። ቃሉ ተደብቆ የቀረው በዚህ ተረት ውስጥና በዘመዱ በ«ኅቡእ» ውስጥ ነው። ኅቡእ ድርጅት ስንል ያ ሥር አለ።

ብቅል ቀላሉ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። እናቴ ለጠላ ገብስ ስታበቅል ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ገብሱን ትነክራለች። ውሃውን አጥልላ በቅጠል ትጠቀልለዋለች። ከላይ ድንጋይ ትጭንበታለች። ሦስት አራት ቀን እንደታፈነ ይቆያል። ስትገልጠው ይሞቃል፣ ነጫጭ ሥሮቹ እርስ በርስ ተያይዘዋል፣ ሽታው እርጥብ ሣር የመሰለ ነው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈጫል፣ በወይራ በታጠነ ጋን ከጌሾ ጋር ይጠነሰሳል። ብቅል ስሙ ራሱ በቀለ ከሚለው ነው። በጨለማ ታፍኖ የወጣ ነገር፣ በሆድ ታፍኖ የኖረውን ያወጣል። ይህ የኔ ንባብ ነው። የተረቱ ቀጥተኛ ፍቺ ጠጥተህ ምስጢርህን ታወጣለህ የሚለው ነው። ሮማውያንም በላቲን «በወይን ውስጥ እውነት አለ» ይሉ ነበር። እነሱ ግን ሆድን አልጠሩትም።

ተረቱ ሲነገር ሰምቼ የማልረሳው የሚካኤል ማኅበር ላይ ነው። ወሩ በገባ በ12 ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጉሹ ሲደጋገም ታናሽየው ጣሳውን አስቀመጠና «እናታችን ስትታመም አንድ ቀን አላደርክም» አለው። ቤቱ ጸጥ አለ። ታላቅየው አልመለሰም። የማኅበሩ መሪ ሙሴው «ተዉ፣ ሞቅ ብሎት ነው» ብለው ሊያልፉት ሞከሩ። ያኔ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አስተካክለው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» አሉ። ለጠጪው ተግሣጽ አልነበረም። ለታላቅየው ነበር። ጠላው ነው የተናገረው ብለህ እንዳታልፈው ማለታቸው ነው። ተረቱ ብዙ ጊዜ ጠጪን ማስጠንቀቂያ ተደርጎ ይተረጎማል። ለሰሚውም እንደሚነገር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ለልጅቷ ያገኘሁላት የተሻለ ቃል «ጋትስ» ነው፣ አንጀት ማለት ነው። እንግሊዞች በሆዱ የያዘውን ሁሉ የዘረገፈ ሰው ጋትሱን አፈሰሰ ይላሉ። ያው ቃል ወኔም ነው። ልጅቷ ጻፈችው፣ አየችው፣ ደስ አላላትም። «አንጀት እኮ ያዝናል እንጂ አይደብቅም ብለሽኝ የለ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እናቴ ከጓዳ ስትሰማን ቆይታ ኖሮ «አንች ልጅ፣ ሆዱን እንዳለ ተይው» አለቻት።

እንዳለ ተወችው። «ሆድ» ብላ በላቲን ፊደል ጻፈችና ከሥሩ ሦስት መስመር ማብራሪያ ጨመረችበት። ሁለቱ መስመር ስለ ሆድ ነው። ሦስተኛው ገብሱ ስንት ቀን ታፍኖ እንደሚቆይ ይናገራል፣ እሱን አያቷን ጠይቃ ነው የጻፈችው።