«ሰይጣን ነው ያስተማረው» እና ሌሎችም፦ ስለ ታላላቅ ጊታሪስቶች የምንሰማውና እውነታው

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ጊታር ሊማር እኔ ጋ መጣ። አስራ ስድስት ዓመቱ ነው። ጊታሩን ገና ከቦርሳው ሳያወጣ ግራ እጁን ዘረጋልኝና «ጋሼ፣ ጣቶቼ አጭር ናቸው፤ ይሆንልኛል?» አለኝ። ማን እንዲህ እንዳለው ስጠይቀው ለካ አንድ ቪዲዮ ላይ አይቶ ነው። ታላላቅ ጊታሪስቶች ሁሉ ሲፈጠሩ ጀምሮ ጣታቸው ረጅም ነው ተብሏል።

አልፈረድኩበትም። እኔም በሱ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ወሬ አምን ነበር። ስለምንወዳቸው ጊታሪስቶች የሚወራው ነገር ብዙ ጊዜ ከጨዋታቸው ቀድሞ ጆሯችን ይገባል። ሰዎቹን ተአምር ያደርጋቸዋል። ተአምር ከሆኑ ደግሞ ከነሱ የሚለመድ ነገር የለም ማለት ነው። ከተማሪዎቼ ቶሎ ቶሎ የምሰማቸውን ላንሳ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ጣትህ ረጅምና ሙሉ ካልሆነ አትልፋ»

ለልጁ መጀመሪያ ያሰማሁት ጃንጎ ራይንሃርትን ነው። ጃንጎ በ1910 ቤልጂየም የተወለደ፣ ፓሪስ ዳርቻ በሠረገላ ቤት ያደገ የሮማ ማኅበረሰብ ልጅ ነው። በ1928 የሚኖርበት ሠረገላ በእሳት ተያያዘ። ያኔ አስራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ግራ እጁ ክፉኛ ተቃጠለ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ተጨማደው ቀሩ። ግራ እጅ ማለት ደግሞ ክሩን የሚጫነው እጅ ነው።

ጃንጎ ከዚያ በኋላ በሁለት ጣት ሶሎ (ብቻውን ጎልቶ የሚወጣውን ዜማ) መጫወት ለመደ። በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ብቻ። በ1934 ከቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር ፓሪስ ላይ የጀመሩት ባንድ ዛሬም የጃዝ ጊታር ተማሪ ሁሉ ዞሮ የሚመለስበት ነው። ከበሮ የለውም፤ ክር ብቻ ነው። ቢሆንም ወንበር ላይ አያስቀምጥም።

«ሁለቱ ጣቶቹ ተቆርጠዋል» የሚሉም አሉ። አልተቆረጡም። ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) ሲይዝ ቀጫጭኖቹን ክሮች ለመጫን ይጠቀምባቸው ነበር። እጁን ቀርቦ የሚያሳይ የቆየ ፊልም አለ። ሁለቱ ደህና ጣቶች የጊታሩን አንገት ከላይ እስከ ታች ሲሮጡበት፣ የተጎዱት ደግሞ ታጥፈው ሲከተሏቸው ይታያል። ከልጁ ጋር አራት ጊዜ ደጋግመን አየነው።

ታሪኩ በጃንጎ አላበቃም። እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ውስጥ ቶኒ አዮሚ የሚባል የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በመጨረሻው የሥራ ቀኑ ማሽን የመሐል ጣቱንና የቀለበት ጣቱን ጫፍ ቆረጠው። የተጎዳው ቀኝ እጁ ነው፤ አዮሚ ግን ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንበት እጅ እሱ ነበር። አበቃልኝ ብሎ ተቀምጦ ሳለ የፋብሪካው አለቃ የጃንጎን ሸክላ አመጣለትና አስደመጠው። ከዚያ በኋላ ነው የተነሳው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ክሩን እንዲይዝለት ቆዳ ለጠፈበት። ወፍራም ክር ስለሚያሳምመው ቀጭን ክር ፈልጎ ገጠመ። ብላክ ሳባዝ የተባለውን የሮክ ባንድ የያዘው ያ እጅ ነው።

አንዳንዶች «የዚያ ባንድ ድምፅ የከበደው ክሩን ስላላሉት ነው» ይላሉ። በ1970 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ግን በተለመደው ቅኝት የተቀዳ ነው። ክሩን በደንብ ማላላት የመጣው በ1971 ነው። ክብደቱ ከመጀመሪያውም እጁ ውስጥ ነበር።

ልጁ ይህን ሰምቶ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየው። ከዚያ ጊታሩን ከቦርሳው አወጣ።

«ሰይጣን ነው ያስተማረው»

ሮበርት ጆንሰን የሚሲሲፒ ብሉዝ ተጫዋች ነው። በ1938 በሃያ ሰባት ዓመቱ ሞተ። በ1936 እና በ1937 ቴክሳስ ውስጥ የቀዳቸው 29 ዘፈኖች ናቸው የቀሩን። ወሬው እንዲህ ነው፦ እኩለ ሌሊት መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠ፣ ሰይጣንም ጊታሩን ቃኝቶ ሰጠው።

ወሬው ከምን እንደተነሳ ግን ይታወቃል። ሰን ሃውስ የተባለው አንጋፋ ሙዚቀኛ ሲናገር፣ ጆንሰን በልጅነቱ ጊታር ሲነካ ሰው ጆሮውን ይይዝ ነበር። ጠፍቶ ከርሞ ሲመለስ ሁሉን አስደነገጠ። ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ የት ነበር? አይክ ዚመርማን የሚባል ጊታሪስት ቤት ተቀምጦ ይማር ነበር። የዚመርማን ቤተሰቦች እንደተናገሩት፣ ሁለቱ ሌሊት ሌሊት መቃብር ቦታ ሄደው ይለማመዱ ነበር። ጸጥ ያለ ነው፤ የሚቆጣቸው የለም። የመንታ መንገዱ ታሪክ ራሱ ቀድሞ የሚወራው በሌላ ጆንሰን ላይ ነው፤ ቶሚ ጆንሰን በሚባል፣ ዘመዱም ባልሆነ ሙዚቀኛ ላይ።

እኛም ሀገር ጎበዝ ተማሪ ሲያዩ «መድኃኒት ቢያጠጡት ነው እንጂ» የሚል አይጠፋም። እኔን የሚያሳዝነኝ አይክ ዚመርማን ነው። ሰውየው ልጁን ቤቱ አስቀምጦ አስተማረ፤ ምስጋናውን ሰይጣን ወሰደው።

«ኤሌክትሪክ ጊታር የወንድ ነው»

ይሄኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሴት ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ ይሰሙታል።

ሜይ 7 ቀን 1964፣ ማንችስተር። አገልግሎት ያቆመ ባቡር ጣቢያ ነው። ለቴሌቪዥን ቀረጻ ብለው የአሜሪካ ደቡብ ጣቢያ አስመስለውታል። ወጣቶቹ ተመልካቾች በባቡር መጥተው በአንደኛው ወገን ተቀምጠዋል። ሙዚቀኞቹ ከሐዲዱ ማዶ ናቸው። ዝናብ ይዘንባል። አንዲት የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሴት በፈረስ ጋሪ ትመጣለች። ካፖርት ለብሳለች። ነጭ ኤሌክትሪክ ጊታር ታንጠለጥላለች። ዝናቡን አይታ ነው መሰለኝ ስለ ኖኅ ዘመን ዝናብ የሚናገረውን መዝሙር ታነሳለች። ሕዝቡ ከማዶ ያጨበጭባል። መሐል ላይ መዝሙሩን ትተወውና ጊታሩን ብቻዋን ታናግረዋለች። ጥቂት ኖታ ናት፤ ግን እያንዳንዷ ስለት አላት። እየሳቀች ነው የምትጫወተው። ቀረጻውን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት።

ይህቺ ሴት ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ናት። በ1915 አርካንሳ ተወለደች፤ ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እየዘመረች አደገች። በ1938 ሸክላ አሳተመች። በ1944 የቀዳችው አንድ መዝሙር በሚቀጥለው ዓመት የጥቁሮች ተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ፤ የሮክ ኤንድ ሮል መነሻ እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ኤልቪስ ፕሬስሊ የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1954 ነው፤ ቸክ ቤሪ ደግሞ በ1955። ታዋቂዎቹ ዘፋኞች ጆኒ ካሽም ሊትል ሪቻርድም እሷን እየሰሙ እንዳደጉ ተናግረዋል። በዘመኗ ሲያመሰግኗት «እንደ ወንድ ትጫወታለች» ይሏት ነበር። በ1973 አረፈች። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ስሟን ያስገባው በ2018 ነው። አርባ አምስት ዓመት ዘግይቶ።

«ጎበዝ ማለት ፈጣን ማለት ነው»

የብሉዝ ጊታሪስቱን ቢ.ቢ. ኪንግን አንድ ኖታ ሲጫወት ስሙት። አንዷን ብቻ። ሌባ ጣቱን ክሩ ላይ ያሳርፋል፤ አውራ ጣቱን ከጊታሩ አንገት ያነሳል፤ መዳፉ በዚያች አንድ ጣት ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ይርገበገባል። ድምፁ የሚያለቅሰው ከዚያ ነው። ዘመዱ ቡካ ዋይት በብረት ቱቦ ክር እያንሸራተተ ይጫወት ነበር። ቢ.ቢ. እሱን መምሰል ቢያቅተው ያንን ድምፅ በጣቱ ፈለገው። ኮርድ ላይ ደካማ መሆኑን ራሱ በግልጽ ይናገር ነበር። ሲዘፍን ጊታሩን አይነካም። ዘፍኖ ዝም ይላል፤ ጊታሩ ይመልስለታል። አዝማሪ ከማሲንቆው ጋር ሲነጋገር ላደገ ጆሮ ይህ ባዕድ አይደለም።

አንድ ተማሪዬን ሳምንት ሙሉ ያችን አንድ ኖታ ብቻ አስጠንቻታለሁ። መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። ዓርብ ዕለት ከሌላ ክፍል ሆኜ ስሰማት ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ወጣሁ።

«ሄንድሪክስ ክሩ ተገልብጦ ነው የሚጫወተው»

የሮክ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር። የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ይይዛል፤ ክሩን ግን እንደገና አስተካክሎ ይገጥመዋል። ወፍራሙ ክር ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች፣ እንደማንኛችንም። በእውነት ተገልብጦ የሚጫወተው የብሉዝ ጊታሪስቱ አልበርት ኪንግ ነው። ክሩን ሳይቀይር ስለሚገለብጠው፣ ሌላው ወደ ላይ የሚገፋውን ክር እሱ ወደ ታች ይጎትተዋል። ያ ጉልበት ድምፁ ላይ ይሰማል።

ስለ ሄንድሪክስ ካነሳን፣ ውድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የተጫወተው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር «በድንገት የመጣለት ነው» ይባላል። ከዚያ በፊት በብዙ መድረኮች ተጫውቶታል፤ ከ1968 ጀምሮ። «በግማሽ ሚሊዮን ሰው ፊት» የሚባለውም ልክ አይደለም። እሱ መድረክ ላይ የወጣው ኦገስት 18 ቀን 1969፣ ሰኞ ጠዋት ነው። አብዛኛው ሰው ጓዙን ሸክፎ ሄዶ ነበር። የቀሩት ጭቃው ላይ ቆመው የሰሙት ግን ዛሬም ያስለቅሳል።

«ሊድ ካልተጫወተ ጊታሪስት አይባልም»

በ1965 አሜሪካዊው ዘፋኝ ጄምስ ብራውን ፈንክ የሚባለውን የሙዚቃ ስልት የከፈተ ዘፈን ሲያወጣ ጊታሩን የያዘው ጂሚ ኖለን ነው። ሊድ፣ ማለትም ዜማ እየመራ የሚወጣ ሶሎ፣ የለውም። ክሩን በስሱ ይጫናል፤ ወዲያው ይለቃል፤ ቀኝ እጁ እንደ ዶሮ ጭረት ይፈጥናል። አዲስ አበባም ስልሳዎቹና ሰባዎቹ ላይ ያንን ድምፅ ጠጥታዋለች። አለማየሁ እሸቴን የሀገራችን ጄምስ ብራውን ያሰኘው ዘመን ነው። ከዘፋኙ ጀርባ ቆሞ ዘፈኑን የሚያስኬደው ሪትም ጊታር ነው። ሠርግ ቤት እስክስታው ሲሞቅ ጆሯችሁን ወደሱ ጣል አድርጉ፤ ይሰማችኋል።

«ቅኝታችን በጊታር አይመጣም»

ይመጣል። ትዝታን ፈልጉ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ባቲ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ሁሉም የጊታሩ ፍሬቶች (አንገቱን የሚከፋፍሉት ብረቶች) ላይ ይገኛሉ።

ከወሬው ውስጥ እውነት ያለው አንድ ነገር ግን አለ። ማሲንቆ ፍሬት የለውም። ጣት በፀጉሩ ክር ላይ ተንሸራቶ በሁለት ኖታ መካከል ያለውን ሁሉ ያወጣል። ዘፋኝም እንደዚያው ነው። ጊታር ላይ ያንን ለማምጣት ክሩን መለጠጥ፣ ማንሸራተት፣ ማርገብገብ ያስፈልጋል። ኖታውን የሸመደደ ሁሉ ትዝታን አይጫወትም።

እንዴት እንደሚመጣ መስማት የፈለገ በ1975 የወጣውን የማህሙድ አህመድን «እረ መላ መላ» ይክፈት። አይቤክስ ባንድ ነው ያጀበው። ጊታሩ ሰላም ስዩም፣ ቤዙ ጆቫኒ ሪኮ ናቸው። ማህሙድን ለጊዜው እርሱትና ጊታሩን ብቻ ተከተሉ። ከድምፁ ስር ስር እየሄደ ክራርም ሆኖ ኤሌክትሪክም ሆኖ ይሰማል። ሮሃ ባንድ ውስጥም እነዚሁ እጆች ናቸው የቀጠሉት። ከነሱ በኋላ ግሩም መዝሙር በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የድሮዎቹን ዜማዎች በአኩስቲክ ጊታር፣ በአኮርዲዮንና በአየለ ማሞ ማንዶሊን መልሶ አምጥቷቸዋል። የሀገሬ ልጅ ለመነሳሳት ማንችስተር ድረስ መሄድ የለበትም።

«አሁንማ ዕድሜዬ አልፏል»

ይህን የሚሉኝ አብዛኞቹ ገና አርባ ያልሞላቸው ናቸው። ኤልዛቤት ኮተን ሰሜን ካሮላይና ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በልጅነቷ የወንድሟን ባንጆ (ጊታር የሚመስል ባለ ክር መሣሪያ) እየሰረቀች ትለማመድ ነበር። ግራኝ ስለሆነች ገልብጣ ያዘችው፤ ጊታርም እንደዚያው። ክሩን የቀየረላት የለም። ስለዚህ ሌላው በአውራ ጣቱ የሚመታውን ቤዝ እሷ በጣቶቿ፣ ዜማውን ደግሞ በአውራ ጣቷ መታችው። በልጅነቷ ስለ ባቡር ያወጣችው ዘፈን ኋላ ዓለም ሁሉ ዘፍኖታል።

ግን ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ሥራ መጣ። ጊታሩን ለአሥርት ዓመታት ተወችው። በስተርጅና የሲገር ቤተሰብ ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። የሙዚቃ ሰዎች ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ጊታር ተሰቅሏል። አንድ ቀን አውርዳ ስትጫወት ሰሟት። ስልሳ ዓመት አልፏት የመጀመሪያ አልበሟን ቀዳች። በ1985 ግራሚ ስትሸለም ዘጠናን አልፋ ነበር። ጊታሩን አሁንም እንደተገለበጠ ነበር የምትይዘው።