በጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች የኮንትራት መምህራን ውል አለመታደስ

ውል አለመታደስ ማለት በኮንትራት የሚያስተምር መምህር ዘመኑ ሲያልቅ ምክንያቱ ሳይነገረው መሰናበቱ ነው። መባረር አይባልም፤ የዲሲፕሊን ክስም የለበትም። ደብዳቤው ከሁለት ሦስት መስመር እምብዛም አያልፍም፦ የውል ጊዜዎ ስለተጠናቀቀ እናመሰግናለን፣ በእጅዎ ያለውን ንብረት ያስረክቡ።

የኮንትራት መምህር ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ዛሬም «ፖሊ» የሚባለው፣ ሥራውን የጀመረው በውጭ አገር መምህራን ነው። የመምህራን ማሠልጠኛው የፔዳጎጂ አካዳሚ፣ «ፔዳ»፣ በ1965 ዓ.ም. ተከተለ። ለአገሪቱ ስንቱን ቴክኒሻንና መምህር ያበቁት እነዚህ ሁለት አንጋፋዎች ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነው ተመረቁ። ደብረ ማርቆስ በ1999፣ እንጅባራ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲዎች በተስፋፉባቸው ዓመታት ብዙ ሕንዳውያን በውጭ ምንዛሪ ተቀጥረው ያስተምሩ ነበር፤ የአገር ልጅ ዶክተር እየበዛ ምንዛሪም እያጠረ ሲሄድ የእነሱ ውል መታደሱ ቀነሰ።

ዝምታው በአብዛኛው የሚመነጨው ከአሠራሩ ነው። ውል እንዲቀጥል ዲፓርትመንቱ መጠየቅ፣ ዲኑ መደገፍ፣ በጀትም መኖር አለበት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥያቄው እስከዚያ ካልተጻፈ ውሉ በራሱ ይሞታል፤ «አይታደስ» ብሎ የፈረመ ስለሌለ መምህሩ ማንን ይጠይቅ? ለትምህርት የሄደው ቋሚ መምህር ሲመለስም ተተኪው ይሸኛል። የተማሪ ቁጥር ማነስም አለ፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከኃላፊ ጋር መጋጨትና የፖለቲካ አቋምም ይጠረጠራሉ። ነባር መምህራን በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራንን ያሰናበተበትን ታሪክ ያነሣሉ። ጎጃም ላይ እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ከሹክሹክታ አልፎ ማስረጃ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በግል ኮሌጆች የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተወሰነ ጊዜ ውል ዘመኑ ሲያልቅ በራሱ እንደሚቋረጥ ይደነግጋል። ያው አዋጅ ግን እንዲህ ያለ ውል የሚፈቀደው ለተዘረዘሩ ሥራዎች ብቻ ነው ስለሚል፣ ቋሚ ኮርስ ዓመት ካመት ያስተማረ ሰው «ቋሚ ነኝ» ብሎ መከራከር ይችላል። በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ የመንግሥት ሠራተኞችን አዋጁ አይመለከትም። አዋጁ የሚመለከተው ተሰናባች የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ የማግኘት መብት አለው። ማስረጃው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይይዛል፤ የተሰናበተበትን ምክንያት መጻፍ ግዴታ አይደለም።