ሌጋሲ ሲስተም ምንድን ነው?

ሌጋሲ ሲስተም የሚባለው አምራቹ ድጋፍ መስጠት ያቆመለት፣ ገበያውም የተወው፣ ነገር ግን አንድ ድርጅት ወይም ግለሰብ የዕለት ሥራውን እስከ ዛሬ የሚያከናውንበት ኮምፒውተር ወይም ሶፍትዌር ነው። ተጠቃሚው ብዙ ጊዜ ለውጥ የሚፈራ ወይም ለገንዘቡ የሚሳሳ ተደርጎ ይታያል፤ ይህ ግን ዋናውን ምክንያት የሳተ ፍርድ ነው። ያረጀው ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ዕድሜው ከእርሱ እጅግ ከሚረዝም ሌላ ነገር ጋር ስለተሳሰረ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1998 የተመረተውን ማክላረን ኤፍ1 የተባለ መኪና እንመልከት። ኩባንያው እነዚህን ውድ መኪኖች ለመጠገን ከማምረቻ ዘመናቸው በኋላም ለብዙ ዓመታት የተገለገለው በ1990ዎቹ በተሠራ የኮምፓክ ላፕቶፕ ነበር፤ ምክንያቱም ከመኪናው ጋር የሚነጋገረው ሶፍትዌር የሚሠራው ለዚያ ላፕቶፕ ሞዴል ተብሎ በተዘጋጀ ልዩ ካርድ (ኮምፒውተሩ ላይ በሚሰካ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) አማካይነት ነበር። በፋብሪካም እንዲሁ ነው፦ ብረት የሚቆርጠው ማሽን ገና ለዓመታት የሚያገለግል ሆኖ ሳለ መቆጣጠሪያው ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ዶስ በተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ ከሆነና ካርዱ የሚሰካበት ቦታ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ከሌለ፣ ኮምፒውተሩን መለወጥ ማሽኑን ራሱን እንደ መለወጥ ይሆናል።

በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው እስር የንግድ ሶፍትዌር የሚፈጥረው ነው። ሻጩ ሥራውን ሲዘጋ ወይም ምርቱን ሲተው የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ባለሙያዎች የጻፉትና ሊታረም የሚችለው ጽሑፍ፣ በገዢው እጅ አይገኝም፤ ፋይሎቹም ሌላ ፕሮግራም በማያነበው ቅርጽ ተቀምጠው ከሆነ፣ ሰውየው የገዛ ሒሳቡን ለመክፈት ሲል ብቻ አሮጌውን ኮምፒውተር መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

በትልልቅ ተቋማት ደግሞ ችግሩ የዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተወጠነው ኮቦል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዛሬም በባንኮችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይሠራል፤ በውስጡ ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀሙ የአሠራር ደንቦች አሉ፣ ብዙዎቹም ከኮዱ በቀር በሌላ ቦታ አልተጻፉም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የሥራ አጥነት ድጎማ ጠያቂዎች በበዙበት ጊዜ፣ ጥያቄውን የሚያስተናግደው ሥርዓት በኮቦል የሚሠራ ስለነበር፣ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ገዢ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲያግዙ በአደባባይ ጠይቀዋል።

አደጋው እውነተኛ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ካቆመ ወዲህ የሚገኝ የደኅንነት ክፍተት በመደበኛነት አይደፈንም። ስለዚህ ጠንቃቃ ተጠቃሚ ማሽኑን ከኢንተርኔት ይለያል፣ የዲስኩን ቅጂ ያስቀምጣል፣ ከተቻለም አሮጌውን ሥርዓት በአዲስ ኮምፒውተር ውስጥ በቨርችዋል ማሽን (ሌላ ኮምፒውተርን በሚያስመስል ሶፍትዌር) ያስኬዳል። ይህ የመጨረሻው ዘዴ ለሒሳብ ፕሮግራም በቂ ሊሆን ይችላል፤ ልዩ ካርድ ለሚጠይቅ መሣሪያ ግን ብዙ ጊዜ አይረዳም።