የማይታመን ተራኪ ምንድን ነው? ውሸታም ማለት አይደለም

ስለ ጃማይካዊው ደራሲ ማርሎን ጄምስ ሁለት ልብ ወለዶች ሲወራ አንድ አባባል አሁንም አሁንም አያለሁ፤ «ወንዱ ተራኪ የማይታመን ነው (ማለትም ቃሉን እንዳለ መውሰድ አይቻልም)፣ ሴቷ መጥታ እውነቱን አወጣችው» የሚል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ «ለሴት የተሰጠ ኃይል» ብሎ አሞገሰው። በፍጹም አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው «ብላክ ሌፐርድ፣ ሬድ ዉልፍ» ትራከር የሚባለው ሰው እስር ቤት ሆኖ ስለ አንድ የጠፋ ልጅ ፍለጋ ለመርማሪ ይተርካል። በ2022 በወጣው «ሙን ዊች፣ ስፓይደር ኪንግ» ደግሞ ያንኑ ፍለጋ ሶጎሎን የምትባለው ጠንቋይ በራሷ አንደበት ትነግረናለች።

ሁለት መኪና ተጋጨ እንበል። ሾፌሩ «እሱ ነው የገባብኝ» ይላል። ረዳቱ ተሳፋሪ እየጠራ ስለነበር ያየው ግማሹን ነው። ኋላ ወንበር ላይ ያለችው ሴትዮ የሰማችው ድምፁን ብቻ ነው። ማንም አልዋሸም፣ ግን የማንንም ቃል እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የጎማውን ምልክት ይለካል። ልብ ወለድ ውስጥ ግን ትራፊክ የለም፤ የጎማው ምልክት ያለው እዚያው ትረካው ውስጥ ነው፣ የምንለካውም እኛ አንባቢዎቹ ነን። አስተያየት ሰጪው ያደረገው ምንድን ነው? ሴትዮዋን ከኋላ ወንበር አስነስቶ የትራፊክ ቆብ ደፋላት።

አሜሪካዊው የሥነ ጽሑፍ ሃያሲ ዌይን ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1961 «የማይታመን ተራኪ» የሚለውን ሐሳብ ሲያስተዋውቅ ያለው፣ ተራኪው ድርሰቱ ራሱ ከያዘው አቋም ሲርቅ የማይታመን ይሆናል ነው። (ከእሱ በኋላ የመጡት «ርቀቱን የሚወስነው አንባቢው ነው» ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩ አልተዘጋም።) ትራከር ጠንቋይ ይጠላል፣ ጥላቻውንም አይደብቅም። ሶጎሎን በእሱ አፍ ክፉ አሮጊት ስትሆን፣ ስለ እሷ ከነገረን ይልቅ ስለ ራሱ የነገረን ይበልጣል።

እሷስ? ልጅ ሳለች ወንድሞቿ የምስጥ ኩይሳ ውስጥ አስረው ያሳደጓት ናት። ቂም አላት፣ ንዴት አላት። እንደ ንፋስ ሰው የሚወረውረው ኃይሏም ሲፈልግ ይመጣል እንጂ ሁልጊዜ አይታዘዛትም። በዚያ ላይ ኤሲ የሚባለው የንጉሡ አማካሪ የሰው ትዝታ ይፍቃል፤ የእሷም ትዝታ ተቆርጦ የገዛ ሕይወቷን ከሌላ ሰው አፍ የምትሰማበት ቦታ አለ። ትዝታዋን የተነጠቀች ሴት እንዴት ነው የእውነት ሚዛን የምትሆነው? የማትታመነው ስለዋሸች ሳይሆን ባለሥልጣን ስለዘረፋት ነው፤ መጽሐፉ ስለ ሴትና ሥልጣን የሚለው ትልቁ ነገርም ይሄው ነው። ወንዱ እንዳሻው ሲያዳላ «ውስብስብ ገጸ ባሕርይ» እንለዋለን፣ ከሷ ግን ንጹሕ ምስክርነት ብቻ እንጠብቃለን። ይሄ ክብር አይደለም፤ ሌላ እስር ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የቡዝን መለኪያ ምዕራብ አፍሪካ ግሪዮቶች (ታሪክን በቃል የሚያወርሱ ባለሙያ ተራኪዎች) ላይ እንዳለ መጫን አይቻልም። እዚያ አንዱ ታሪክ በየቤተሰቡና በየተራኪው ይለያያል፣ ያ ደግሞ የሙያው ባሕርይ እንጂ ጉድለት አይደለም። የምዕራብ አፍሪካዎቹ ማንዴዎች ስለ ማሊ መንግሥት መሥራች ስለ ንጉሥ ሱንጃታ በሚተርኩት ትርክት የንጉሡ እናት ስሟ ሶጎሎን ነው፤ ታሪኳን የሚያወራላት ግን ግሪዮቱ ነው። የጄምስዋ ሶጎሎን ራሷ ትናገራለች፣ ከነቂሟ።